ካርዲናል ሽሪምፕ «በዱር የጠፋ» ተብሎ ይመዝገብ? ክርክር

አወያይ፦ ካሪዲና ዴነርሊ፣ በገበያ ስሙ ካርዲናል ሽሪምፕ፣ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢንዶኔዥያ ደቡብ ሱላዌሲ ባለው በማታኖ ሐይቅ ብቻ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አካሉ ቀይ፣ ጎኑ በነጫጭ ነጠብጣብ ያጌጠ፣ የፊት እግሮቹ ነጭ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (አይዩሲኤን) ቀይ መዝገብ «እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ» ብሎ አስፍሮታል፤ ከሐይቁ ጨርሶ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል የሚል ስጋትም አለ። በሌላ በኩል በብዙ አገሮች በቤት ገንዳ እየተራባ ይሸጣል። ለክርክር የቀረበው፦ ደረጃው «በዱር የጠፋ» ወደሚለው ይሸጋገር ወይስ አይሸጋገር? በገንዳ ያለውስ እንደ መጠባበቂያ ይቆጠራል? ሐሳባችሁን ከነማስረጃው አስቀምጡ።

ቀይ ብዕር፦ አይሸጋገር። «በዱር የጠፋ» ለማለት መስፈርቱ ጥብቅ ነው። ዝርያው ይኖርበታል ተብሎ በሚታወቀውና በሚጠበቀው ቦታ ሁሉ፣ በተገቢው የቀን ሰዓትና ወቅት፣ ከሕይወት ዑደቱ ጋር በሚመጣጠን የጊዜ ርዝመት ተፈልጎ አንድ እንኳ ሲጠፋ ነው የሚባለው። ጥቂት ጠላቂዎች ቀን ቀን ወርደው «አላየንም» ማለታቸው ይህን አያሟላም። ካርዲናሉ ዓይን አፋር ነው፤ ውሎው በድንጋይ ስር ነው።

ስሌቱን እንየው። አንድ ቦታ ላይ ሽሪምፑ በርግጥ ኖሮ በአንድ ጥልቂያ የመገኘት ዕድሉ 0.3 ቢሆን፣ በ3 ጥልቂያ ጨርሶ ሳይታይ የመቅረቱ ዕድል 0.7 በራሱ 3 ጊዜ ተባዝቶ 34 በመቶ ነው። ከ6 በመቶ በታች ለማውረድ በያንዳንዱ ቦታ 8 ጥልቂያ ያስፈልጋል። የዕድሉ መጠን ራሱ ደግሞ በግምት አይወሰድም። ብዛቱ የሚታወቅ ሌላ ካሪዲና (የዚሁ ወገን ሽሪምፕ) ባለበት ድንጋይ ላይ በዚያው ዘዴ ተለክቶ ነው የሚገኘው።

ገንዳ ጠባቂ፦ ወንድሜ ቀይ ብዕር፣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን እስከ መቼ እንጠብቅ? «እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ» የሚለው ስም አንባቢው ሐይቁ ውስጥ ጥቂት እንደቀሩ እንዲያምን ያደርገዋል። ስለዚህ ማንም በገንዳ ያሉትን አይመዘግብም፣ የትኛው የዘር መስመር ከየት እንደመጣ አይጽፍም። «በዱር የጠፋ» ቢባል በገንዳ ያለው የመጨረሻው ዘር መሆኑ ይፋ ይወጣል፣ ለመመዝገብም ግዴታ ይሆናል። እኔ ይሸጋገር ባይ ነኝ።

ከሁሉም በላይ ይህ ዝርያ ለእርባታ የሚመች ነው። እንደ ብዙዎቹ የወንዝ ሽሪምፖች እጮቹ ወደ ባሕር ወርደው በጨው ውሃ ማደግ የለባቸውም። እናቲቱ ከ10 እስከ 15 የሚደርሱ ትልልቅ እንቁላሎችን በሆዷ ስር ትሸከማለች። በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ይፈለፈላሉ፤ የሚወጡትም ቅርጻቸው የተሟላ ጥቃቅን ሽሪምፖች ናቸው። ሙቀት ከ27 እስከ 29 ዲግሪ፣ ፒኤች ከ7.8 እስከ 8.4፣ የውሃው የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መጠን በሴንቲ ሜትር ከ180 እስከ 250 ማይክሮሲመንስ ገደማ ከተያዘ ይራባል።

ሽሪምፑን የሚያሳጡት ሁልጊዜ እነዚሁ ሦስት ነገሮች ናቸው። ሰው ገንዳውን በሞላ በሁለተኛው ሳምንት ሽሪምፕ ያስገባል። ድንጋዩ ላይ የአልጌና የባክቴሪያ ንጣፍ ገና አልበቀለም፤ ሽሪምፑ የሚግጠው አጥቶ በረሃብ ያልቃል። ገንዳው ያለ ሽሪምፕ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር መብራት እየበራለት መቆየት አለበት። ሁለተኛው መዳብ ነው። ከመዳብ ቧንቧ የመጣ ውሃ ወይም መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት በጥቂት መጠን ይገድለዋል። ሦስተኛው ውሃ ሲቀየር ነው፤ 10 በመቶ ብቻ፣ በተመሳሳይ ሙቀት፣ በጠብታ። ግማሹን በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ሽሪምፖቹ ቅርፊታቸውን ያለ ጊዜያቸው ሲጥሉ ያያል፣ በማግስቱም ይሞታሉ።

ዘር ቆጣሪ፦ ገንዳ ጠባቂ፣ የእርባታ መመሪያህ ጥሩ ነው፤ ግን «የመጨረሻው ዘር» ያልከው ምን እንደሆነ ሳናውቅ መጠባበቂያ አንለውም። የዘረመል ልዩነት በየትውልዱ ይቀንሳል። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተርፈው ከአንድ ላይ 1 ለ2ኤን ሲካፈል የሚገኘው ተቀንሶ ሲሆን፣ ኤን ማለት በእርባታው በእኩል የሚሳተፉት ወላጆች ብዛት ነው። በዓመት 2 ትውልድ ብለን በ15 ዓመት 30 ትውልድ እንቁጠር። ኤን 20 ከሆነ ከመነሻው ልዩነት የሚተርፈው 47 በመቶ ገደማ ነው። 50 ከሆነ 74 በመቶ። 200 ከሆነ 93 በመቶ።

አንድ ገንዳ ውስጥ 300 ሽሪምፕ ይታያል፤ ግን ሁሉም ከ8 ወይም ከ10 መነሻ እናቶች የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ገንዳው መሙላቱ ስለ ኤን ምንም አይነግረንም።

በዚያ ላይ የሱላዌሲ ሽሪምፖችን አንድ ገንዳ ውስጥ ማደባለቅ የተለመደ ነው። ቅርብ ዘመድ የሆኑ ካሪዲናዎች ሊዳቀሉ ይችላሉ። መልኩ ቀይ፣ እግሩ ነጭ ስለሆነ ንጹሕ ዴነርሊ ነው ማለት አይቻልም። ከቤተ መዘክር ናሙናዎች ጋር የዲኤንኤ ንጽጽር ያልተሠራለት ገንዳ ለእኔ ማስጌጫ ነው።

መረብ፦ እናንተ ስለ ገንዳና ስለ መዝገብ ስትነጋገሩ ዋናው ገዳይ ሐይቁ ውስጥ እየዋኘ ነው። ፍላወርሆርን የሚባለው ዓሣ በተፈጥሮ የለም፤ ሲክሊድ ከሚባሉ የአሜሪካ ዓሦች ተዳቅሎ በእስያ ለጌጥ የተፈጠረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ማታኖ ውስጥ ተመዝግቧል። ሁሉን በላ ነው፤ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ፣ የሌላ ዓሣ እንቁላል አይመርጥም። ደግሞ የሚያዘወትረው ካርዲናሉ የሚኖርበትን ጥልቀት የሌለውን ድንጋያማ ዳርቻ ነው።

ማታኖ 590 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው ተብሎ ሰፊ መሸሸጊያ ያለ ይመስላል፤ የለም። ከ100 ሜትር ገደማ በታች ኦክስጅን የለም። ለሽሪምፑ የሚሆነው በሐይቁ ዙሪያ ያለች ቀጭን የድንጋይ ቀለበት ናት። ስለዚህ አንድ ወራሪ ዓሣ ያቺን ቀለበት ከያዘ ዝርያው የሚሸሽበት የለውም።

ገንዳ ጠባቂ፦ ታዲያ ይህ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል እንጂ አይቃረንም።

መረብ፦ ይቃረናል። «በዱር የጠፋ» ሲባል የመጀመሪያው የሚነሳው ጥያቄ «ወደ ሐይቁ እንመልሰው» ነው። ፍላወርሆርኑ እያለ የሚመለስ ሽሪምፕ መኖ ነው። ቀድሞ መሠራት ያለበት እሱን መቀነስ ነው። ሲክሊድ በመሆኑ ጎጆውን ይጠብቃል፤ ይህ ደካማ ጎኑ ነው። በጎጆው ላይ የቆመውን ጥንድ በጦር መውጋት፣ ከዚያ እንቁላሉን ወዲያው ከድንጋዩ ፍቆ ማውጣት። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተሠሩ አንዱ ወላጅ ቢተርፍ እንኳ ጫጩቱን ያሳድጋል። መረብ ሲጣል ደግሞ የዓይኑ ስፋት ሲለጠጥ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን የሐይቁ ተወላጅ የሆኑት ትናንሾቹ ቴልማቴሪና ዓሦች አብዛኞቹ ያልፋሉ፣ ትልልቁ ፍላወርሆርን ይያዛል። ትንንሹ ወራሪ ግን አብሮ ያመልጣል፣ የማታኖ ጎቢ የሚባለው ሌላው ተወላጅ ዓሣ ደግሞ ሳይታሰብ ይያዛል። መረብ ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። የቪክቶሪያ ሐይቅ ናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ ከገባ በኋላ ስንት የሀፕሎክሮሚን (የትናንሽ ሲክሊዶች) ዝርያ እንዳጣ የምናውቅ ሰዎች እዚህ ላይ ልንለግም አይገባም።

ውሃ ለኪ፦ በመረብ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ገዳዩ አንድ ነው መባሉን አልቀበልም። በሶሮዋኮ ከሐይቁ ዳር ትልቅ የኒኬል ማዕድን ማውጫና ማቅለጫ አለ። ሲቆፈር ቀዩ ላተራይት አፈር ይጋለጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ደለሉ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። ሽሪምፑ የሚግጠው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ስስ ደለል ሲያርፍ ብርሃን ይቀንሳል፣ አልጌው ይዳከማል፣ ሽሪምፑ በጥቃቅን መንጠቆዎቹ ሲያነሳ ምግብ ሳይሆን አሸዋ ያነሳል። ዓሣ ባይበላው እንኳ እየመነመነ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የማታኖ ተፋሰስ ዓለቱ በተፈጥሮው በብረት፣ በኒኬልና በክሮሚየም የበለጸገ ነው። ስለዚህ «ውሃው ውስጥ ክሮሚየም ተገኘ» የሚል ውጤት ብቻውን በማንም ላይ ማስረጃ አይሆንም። ከማዕድኑ ርቆ ያልተነካ ዥረት አፍ ላይ በዚያው ቀን የተለካ መነሻ ያስፈልጋል። ደለሉ ግን በቀላሉ ይለካል፦ አፈ ሰፊ ቱቦዎችን በ2፣ በ5 እና በ10 ሜትር ጥልቀት ተክሎ በየወሩ የተጠራቀመውን አድርቆ መመዘን፤ አጠገቡ ካለ ድንጋይ ላይ በተለካ ስፋት ንጣፉን ፍቆ አልጌውን መለካት። በዝናብ ወራትና በበጋ ወራት ካልተነጻጸረ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

ቀይ ብዕር፦ ውሃ ለኪ ያነሳው የእኔን ዋና ምክንያት ይነካል። የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. የ2012 የብዝኃ ሕይወት መስፈርት 6 እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ ያለ ዝርያ ያለበትን ቦታ «ወሳኝ መኖሪያ» ብሎ ይመድባል። በዚያ መስፈርት የሚበደር ፕሮጀክት የዝርያውን ቁጥር በድምሩ የሚቀንስ ሥራ እንዳይሠራ ይገደዳል። ነገ ካርዲናሉን «በዱር የጠፋ» ብለን ብንጽፈው፣ በሐይቁ ውስጥ አንድም አልቀረም ማለታችን ነው። በእሱ ስም ያ ቦታ ጥበቃ የሚያገኝበት በር ይዘጋል። ሽሪምፑ በአንድ የድንጋይ ስንጥቅ ተርፎ ከሆነ ራሳችን ከለላውን ገፈፍነው።

ገንዳ ጠባቂ፦ ማታኖ ውስጥ እኮ ሌሎችም በአደጋ ላይ ያሉ ተወላጆች አሉ። ቴልማቴሪናዎቹ፣ ቀንድ አውጣዎቹ። የቦታው ከለላ በአንድ ሽሪምፕ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም።

ቀይ ብዕር፦ አልተንጠለጠለም፤ ግን የእያንዳንዱ ዝርያ መኖሪያ የተለየ ነው። ቴልማቴሪና የሚራባበት ዳርቻ ተከልሎ፣ ካርዲናሉ የነበረበት ድንጋይ ሊተው ይችላል። በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል።

ዘር ቆጣሪ፦ የውሃ ዲኤንኤ (እንስሳት ውሃው ውስጥ የሚተዉት ዱካ) ይሞከር የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣልና ቀድሜ ልመልስ። ከያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ ከድንጋዩ ግርጌ ተቀድቶ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ይጣራል፣ ማጣሪያው በአልኮል ይቀመጣል፣ ከዚያ ለዝርያው በተለየ መለያ ይመረመራል። ችግሩ ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው እንስሳት ወደ ውሃው የሚለቁት ዲኤንኤ ከዓሣ ያነሰ መሆኑ ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ደካማ ነው። «ተገኘ» የሚለውም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይታመንም፤ ዕቃው ቀደም ሲል የገንዳ ሽሪምፕ በተያዘበት ቤተ ሙከራ የተበከለ ከሆነ ሐሰተኛ ምልክት ይሰጣል። በየቀኑ አንድ ንጹሕ የታሸገ ውሃ በዚያው ዕቃ ተጣርቶ እንደ ባዶ ናሙና ካልገባ ሪፖርቱን አልቀበልም። ዲኤንኤው የት ቦታ ሌሊት መጥለቅ እንዳለብን ይጠቁመን፤ ከዚያ በላይ አይሸከምም።

አወያይ፦ ንግዱስ? ከሐይቁ የተያዘ ሽሪምፕ ይሸጥ ነበር፤ የዚህ ድርሻ አልተነሳም።

ገንዳ ጠባቂ፦ ይነሳ። ንግዱ ጎድቷል፤ ለዚህ ዝርያ ግን ሌላም ነገር አድርጓል። ሳይንሳዊ ስሙ የተሰጠው የምርምር ጉዞውን በገንዘብ ለደገፈው ለጀርመኑ የአኳሪየም ዕቃ አምራች ለዴነርሌ መታሰቢያ ነው። ያ ገንዘብ ባይኖር ዝርያው ስም ሳይኖረው ሊጠፋ ይችል ነበር። ዛሬ በገንዳ የተራባው ርካሽ እየሆነ በመጣ ቁጥር ከሐይቅ አውጥቶ በአውሮፕላን መጫን ትርፉ ይቀንሳል። በጉዞ ላይ የሚሞተው ብዙ ነው፤ በሙቀት ለውጥ፣ በከረጢት ውስጥ በሚጠራቀም አሞኒያ። በገንዳ የተወለደው ግን ይተርፋል።

መረብ፦ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ከሐይቁ መያዝ አይቆምም። ገዢ ሁልጊዜ «አዲስ ደም» ይፈልጋል፤ ራሷ ዘር ቆጣሪ እንዳሳየችው በገንዳ ያለው ዘር ይዳከማልና። ያ ፍላጎት ወደ ሐይቁ መልሶ ይልካል።

ዘር ቆጣሪ፦ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሐይቁ አይደለም። ገንዳዎቹን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። በአንድ ገንዳ 500 ከማስቀመጥ በ10 ገንዳዎች 50፣ 50 ማስቀመጥ አጠቃላይ ልዩነቱን ይበልጥ ይጠብቃል። በየትውልዱ ከገንዳ ወደ ገንዳ 1 ወይም 2 ሽሪምፕ ማዘዋወር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተዘዋወረ ገንዳዎቹ አንድ ይሆናሉ፣ በሽታም ይዛመታል። ማን ከየት ወደ የት እንደሄደ ግን መጻፍ አለበት።

ቀይ ብዕር፦ በሕግ በኩል አንድ ክፍተት አለ። ካሪዲናዎች በሳይቴስ፣ ማለትም በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ አባሪዎች ውስጥ የሉም። አባሪ 2 ውስጥ ቢገቡ ወደ ውጭ የሚላከው ሁሉ የምንጭ ምልክት ይኖረዋል፦ ከዱር የተያዘ፣ በሰው እጅ የተወለደ፣ ወይም በሰው እጅ ለትውልዶች የተራባ ተብሎ። ያኔ ቢያንስ ከዱር የወጣው ይቆጠራል።

ገንዳ ጠባቂ፦ በዚህ ላይ እቃወማለሁ። 30 ሽሪምፕ ለሚያራባ ሰው ፈቃድ ማውጣት ከሽሪምፑ ዋጋ በላይ ይሆናል። ብዙዎቹ ይተዉታል፣ ገንዳቸውን ያፈርሳሉ። የጠፋው መስመር ደግሞ አይመለስም። የጉምሩክ መኮንን ከዱር የተያዘውንና በገንዳ የተወለደውን በዓይኑ አይለይም። ደንቡ ታማኙን ቀጥቶ አታላዩን ይለቃል።

ቀይ ብዕር፦ ለዚያ ነው ምዝገባው ከደንቡ መቅደም ያለበት። የተመዘገበ አራቢ ፈቃዱን በጅምላ ያገኛል።

ገንዳ ጠባቂ፦ በጅምላ የሚሰጥ ከሆነ ልንነጋገር እንችላለን። ደንቡ እንዳለ የሚሠራ ከሆነ ግን አይሆንም።

አወያይ፦ አንድ አንባቢ «ታዲያ ያራባነውን ወስደን ለምን ሐይቁ ውስጥ አንለቀውም?» ብሎ ጠይቋል።

ዘር ቆጣሪ፦ በፍጹም። እባካችሁ ይህን ማንም እንዳያደርግ። በገንዳ ሽሪምፕ ላይ ስኩታሪየላ የሚባል ትንሽ ጠፍጣፋ ትል በአፍንጫው ጫፍ ይጣበቃል፤ በሆዱ ስር የሚበቅል አረንጓዴ ጥገኛም አለ፤ ጡንቻውን የሚያነጣው ማይክሮስፖሪዲያ የሚባል ደቂቅ ጥገኛም አለ። እነዚህን ማታኖ ውስጥ ማስገባት ማለት ካርዲናሉን ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታ የሌሉትን ሌሎቹን ካሪዲናዎች ማስያዝ ነው። ውሃውም ቁልቁል ይወርዳል፦ ከማታኖ በፔቴያ ወንዝ ወደ ማሃሎና፣ ከዚያ ወደ ቶዉቲ። ቶዉቲ ውስጥ ካሪዲና ስፖንጊኮላ የሚባል በአንድ የሐይቅ ስፖንጅ ላይ ብቻ የሚኖር ሽሪምፕ አለ። አንድ ባልዲ የሚያጠፋው እስከዚያ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. የ2013 የአይዩሲኤን የመልሶ ማስፈር መመሪያም ያጠፋው ምክንያት ሳይወገድና የበሽታ ፍተሻ ሳይደረግ መልቀቅን አይፈቅድም።

ውሃ ለኪ፦ ከመልቀቅ በፊት የሚሠራ አንድ ሙከራ አለ፤ ወራሪውን ወይስ ደለሉን እንደምንታገል የሚነግረን እሱ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ የብረት አጥር ክፈፎች ድንጋያማው ዳርቻ ላይ ይቀመጣሉ፣ በ4 ሚሊ ሜትር መረብ ይሸፈናሉ። ጥቃቅን ካሪዲናዎች በመረቡ ይገባሉ፣ ያደገ ፍላወርሆርን አይገባም። ከጎናቸው ሁለት ጎናቸው ክፍት የሆነ ተመሳሳይ ክፈፍ፣ ከዚያም ምንም የሌለበት ድንጋይ። መካከለኛው ለምን? መረቡ ራሱ ጥላ ይሠራል፣ የውሃውን ፍሰት ያዘገያል፣ ደለል ይሰበስባል፤ ክፍቱ ክፈፍ ከሌለ የመረቡን ውጤት የዓሣው መቅረት ውጤት አድርገን እንወስደዋለን። መረቡ በየሳምንቱ ካልተቦረሸ በአልጌ ተደፍኖ ሙከራው ይበላሻል። በተዘጋው ክፈፍ ውስጥ የሐይቁ የተለመዱት ካሪዲናዎች ከበዙ ገዳዩ ዓሣው ነው። በሦስቱም እኩል ካነሱ ወደ ደለሉ እንዞራለን።

መረብ፦ ይህን እደግፋለሁ፤ ግን ቢያንስ በ3 ቦታ ይሁን፦ ሶሮዋኮ አጠገብ፣ በተቃራኒው ዳርቻ፣ እና ወደ ፔቴያ መውጫው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተሠራ የሚነግረን ስለዚያ ቦታ ነው።

ቀይ ብዕር፦ እንግዲህ አቋሜን ላጥብብ። ደረጃው አሁን ባለበት ይቆይ፣ «በዱር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል» የሚለው ማሳሰቢያ ግን ከጎኑ በግልጽ ይጻፍ። ቀይ መዝገቡ ለዚህ የተዘጋጀ ምልክት አለው፤ ከለላውም አይነካም፣ ስጋቱም አይደበቅም። የሌሊት ጥልቂያው በየቦታው 8 ጊዜ፣ በዝናብም በበጋም ተሠርቶ ባዶ ከወጣ ያኔ «በዱር የጠፋ» ለማለት የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ገንዳ ጠባቂ፦ ምልክቱን እቀበላለሁ። የምዝገባው ነገር ግን ጥልቂያውን አይጠብቅ። ገንዳ ያለው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አራት ነገር ይጻፍ፦ ሽሪምፑን ከማን እንዳገኘ፣ መቼ፣ ስንት ሆነው እንደመጡ፣ ከሌላ ካሪዲና ጋር ተቀላቅለው ያውቁ እንደሆነ። አራተኛውን በሐቀኝነት ያልመለሰ ገንዳ ከመጠባበቂያው ይውጣ።

ዘር ቆጣሪ፦ አምስተኛ ጨምርበት። በተፈጥሮ የሞተ ሽሪምፕ አይጣል፤ በ95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጥ፣ አልኮሉ በማግስቱ አንድ ጊዜ ይቀየር። ሳይቀየር ከቀረ ከሥጋው የወጣው ውሃ አልኮሉን ያቀጥነዋል፣ ዲኤንኤውም ይበሰብሳል። ቤት ውስጥ የሚጠጣ አረቄ አይሆንም፤ ጥንካሬው አይበቃም።

አወያይ፦ በሳይቴስ ላይ ገንዳ ጠባቂና ቀይ ብዕር አልተስማሙም። የጅምላ ፈቃዱ እንዴት እንደሚሠራ ረቂቅ ያለው ካለ ከዚህ በታች ያስቀምጥ።